ድምፅ የሚያሻግር ምሰሶ

ዛሬ የምናነበው ስለ ራዲዮ ምሰሶ ነው።

በአዲስ አበባ አጠገብ፣ በአቃቂ፣ ትልቅ የራዲዮ ጣቢያ ተሠርቶ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያን ጊዜ ፋሺስት ጣሊያን ሊወረን ይዘጋጅ ነበር። ኢትዮጵያም አቤቱታዋን በዚሁ ጣቢያ ለዓለም አሰማች።

ከመተማ ማዶ፣ በሱዳን፣ የኦምዱርማን ራዲዮ በ1932 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ያቋቋሙት እንግሊዞች ናቸው። ዓላማቸው በጦርነቱ ሕዝቡን ከጎናቸው ማሰለፍ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ምሰሶ የተከለ ሁሉ የሚያሰማው የራሱ ጉዳይ አለው።

ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ተጀመረ። የቴሌቪዥን ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ያግደዋል። ስለዚህ ምሰሶው ከፍታ ላይ ይተከላል። የራዲዮ አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። ከደጋ ተነሥቶ፣ ተራራውን ዘሎ፣ ቆላ የሚደርሰው በዚህ ነው።

በራዲዮ የተሰማ ያልፋል፤ የተጻፈ ይቆያል። ከወዲህም ከወዲያም የሰማችሁትን ወሬ ጽፋችሁ አስተያዩት። እውነቱን ከሐሰቱ ለመለየት ይረዳችኋል።

አሁን እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ፦ ምሰሶ፣ ሞገድ፣ ተራራ፣ እውነት። ደኅና ሁኑ።