የይፋግ ኮሲ

በመጀመሪያው ደመወዜ የሠራሁት ትልቅ ስህተት ይፋግ ያለውን የአያቴን ኮሲ ማስጠረግ ነው። ጊዜው 2013 ዓ.ም. ነበር፤ ከምህንድስና ተመርቄ ኮድ መጻፍ የጀመርኩበት ዓመት። ከማድቤቱ ጀርባ ያለው ክምር፣ አመዱ፣ እበቱ፣ የሽንኩርት ልጣጩ፣ የጠላ አተላው፣ የተሰበረው ምጣድ፣ ምኑ ቅጡ፣ ለዓይኔ ቆሻሻ ብቻ ነበር። ሁለት ልጆች ቀጥሬ በጋሪ አስጫንኩና ራቅ አድርጌ አስደፋሁት። ቦታውን ደልድዬ ጠጠር አለበስኩት። እማማ በሩ ላይ ቆመው አዩና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ገቡ። ምስጋና መስሎኝ ነበር።

በመስከረም ደወልኩላቸው። «ዱባው ደረሰ እማማ?»

«የቱ ኮሲ ላይ፣ ልጄ?»

ስለ ኮሲ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያች መልስ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ላደገ አንባቢ ላስረዳ፤ ኮሲ ማለት የቤት ጥራጊና አመድ ዓመት ከዓመት የሚደፋበት ከቤት ጀርባ ያለ ጉብታ ነው። ቃሉ ለክምሩም ለበሰለው ጥቁር አፈርም ይሆናል። ገበሬው አፈር ሲለይ ቀይ፣ ዋልካ እንደሚለው ሁሉ ኮሲም ይላል።

የፎገራ ሜዳ ዋልካ ነው። በበጋ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ቋጥሮ ሥር ያፍናል። በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የገባው ሩዝ የተስማማው ለዚህ ነው፣ ሩዝ እግሩ ውኃ ውስጥ ቢሆን ግድ የለውም። ዱባና ጎመን ግን ይበሰብሳሉ። ኮሲ ከፍ ያለ በመሆኑ ውኃው ይወርድለታል፤ አመዱ ፖታሺየምና ፎስፈረስ ይሰጠዋል፣ የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል፤ የከሰሉ ስባሪ ምግቡን ይዞ ያቆያል። የብራዚል አማዞን ነዋሪዎችም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በከሰል፣ በገልና በቤት ጥራጊ ተመሳሳይ ጥቁር አፈር ፈጥረዋል፤ ዛሬ ዓለም «ቴራ ፕሬታ» እያለ ያደንቀዋል። እኔ ደግሞ የእኛን በጋሪ ጭኜ ጣልኩት።

ይፋግ ዛሬ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ሲኬድ የሚታለፍ ትንሽ ከተማ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን በጎንደርና በደቡቡ አገር መካከል ከሚጠቀሱት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። የአሞሌ ጨው በአጋሰስ እየተጫነ ይመጣበታል። የዚያን ሁሉ በቅሎና አህያ ፋንድያ ማን ያነሳው ነበር? የታሪክ መጽሐፍ የቀረጥ ነገር እንጂ የፋንድያ ነገር አይነግረንም። እኔ ግን በየጓሮው የገባ ይመስለኛል።

ጓሮውም ቀላል ቦታ አልነበረም። በቆሎ፣ በርበሬና ዱባ ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው፤ ድንችን በ1858 እ.ኤ.አ. ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው ይባላል። ገበሬ ያላወቀውን ዘር እርሻው ላይ አይበትንም፣ ግብርና ቀለብ ያለው እዚያ ነዋ። በሙያዬ ቋንቋ ብናገር፣ ኮሲ የሙከራ ሰርቨር ነው። በቆሎ ማሳ ላይ ሳይወጣ በፊት ለረጅም ዘመን የጓሮ እሸት ነበር።

የሚጣለውም ዕቃ ዘመን አለው። የእማማን ኮሲ ስናፈርስ ታች ያገኘነው ገል ነበር፣ ከላዩ የዝገት ቆርቆሮ፣ ከዚያ በላይ ፕላስቲክ። እንስራን ያስቀረው ጄሪካን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ለጦር ነዳጅ ከቆርቆሮ የሠሩት ዕቃ ነው፤ «ጄሪ» እንግሊዞች ጀርመንን የሚጠሩበት ስም ነበር። ሲቀደድ አንገቱ ይቆረጥና የበርበሬ ችግኝ ይፈላበታል። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ጆንያው ነው። ዳፕና ዩሪያ የመጣበት ጆንያ ራሱ «ማዳበሪያ» ተባለ። ከሰል ቢሞላም ማዳበሪያ ነው፣ ልብስ ቢሞላም ማዳበሪያ ነው። አሁን አፈር ሞልተው ድንች ይተክሉበታል፣ እንግዲህ ስሙን ያገኘው ያኔ ነው።

ግን ነገሩን አላሳምረውም። እንጨት ባነሰ ቁጥር እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ለኮሲው የሚተርፈው አመዱ ብቻ ነው። ፌስታል ደግሞ ቢነድም ቢቀበርም ጣጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የሚከለክል አዋጅ ቢያጸድቅም ኮሲው ውስጥ ያለውን የሚያወጣ ሕግ የለም።

አዲስ አበባ ስኖር ደግሞ ቆሼን አስባለሁ። ያው ልጣጭ፣ ያው አመድ ወደ ጓሮው መመለሱ ቀርቶ ከ50 ዓመት በላይ አንድ ቦታ ተከመረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ገደለ፤ ብዙዎቹ እሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ዜናውን ሰምቼ አዝኜ አለፍኩ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ጋሪ ተከራየሁ።

ባለፈው ሚያዝያ ይፋግ ሄጄ ጠጠሩን በአካፋ አነሳሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ እጄም ላጠ። እማማ ከእኔ ጋር አልቆፈሩም፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፌስታሉን ከልጣጩ ይለዩ ነበር። አፈሩ የድሮው አይደለም፣ ለዚያ ዕድሜ ያስፈልጋል። ዘንድሮ ዱባው ሦስት ፍሬ ያዘ። እማማ ግን አሁንም ለአመዱ ጥግ ሲጭሩ ጠጠር ባገኙ ቁጥር ያነሱና፣ ምንም ሳይሉ፣ ከፍ አድርገው ያሳዩኛል።