ሙት ወቃሽ አያድርገንና…

ስለ «ግሪም ፋንዳንጎ» የሚያወራው ሰው ጌሙን ከተጫወተው ሳይበልጥ አይቀርም። ወሬውም ሁሌ አንድ ነው፤ በታሪኩ የሚስተካከለው ጌም አልተሠራም፣ ገበያው ግን ፊቱን አዞረበት፣ እሱም ሲሞት የአድቬንቸር ጌሞችን ዘመን ይዞ መቃብር ወረደ። ጀግና አለ፣ ግፍ አለ፣ ሞት አለ። ምን ጎደለ? ለቅሶ ላይ ደግሞ መቼም ሟች አይታማም። እኛ ግን፣ ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ ይህ ሁሉ ውዳሴ በእርግጥ ይገባዋል ወይ ብለን ልንጠይቅ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።)

ለማያውቁት፣ አድቬንቸር ጌም የተኩስም የእሽቅድምድምም ጌም አይደለም። አንድ ገጸ ባሕርይ ይዛችሁ ትዞራላችሁ፣ ያገኛችሁትን ታናግራላችሁ፣ ዕቃ ትለቃቅማላችሁ፤ እንቆቅልሽ በፈታችሁ ቁጥር ታሪኩ አንድ እርምጃ ይሄዳል። በዚህ ሙያ ስም ካወጡት አንዱ የ«ስታር ዋርስ»ው የጆርጅ ሉካስ ኩባንያ ሉካስአርትስ ነበር። «ማኒያክ ማንሽን»ን በ1987፣ የመጀመሪያውን «መንኪ አይላንድ» በ1990፣ «ፉል ስሮትል»ን በ1995 አወጣ። በ1998 መጨረሻ ላይ «ግሪም ፋንዳንጎ» ሲወጣ ሥራውን የመራው ቲም ሼፈር ነው፤ መንኪ አይላንድን ከጻፉት አንዱ፣ የፉል ስሮትልም መሪ።

ታሪኩ የሚጀምረው ዋናው ሰውዬ ከሞተ በኋላ ነው። ማኒ ካላቬራ አጽም ነው። በሙታን ዓለም፣ «የሞት መምሪያ» በሚባል መሥሪያ ቤት፣ የጉዞ ትኬት ይሸጣል። ማጭዱን ይዞ አዲስ ሟች ይቀበላል፣ ቢሮው ያስቀምጠዋል፣ በምድር የሠራውን ከኮምፒውተር አይቶ የሚገባውን ይቆርጥለታል። ደግ የነበረ ሰው «ቁጥር ዘጠኝ» በሚባለው ባቡር በአራት ደቂቃ ዘላለማዊ ዕረፍቱ ጋ ይደርሳል። ያልታደለው በእግሩ፣ በምርኩዝ፣ አራት ዓመት። አራቱን ዓመት ሼፈር ከኪሱ አላወጣውም፤ የሜክሲኮ አዝቴኮች ነፍስ ሚክትላን ወደሚባለው የሙታን አገር ለመድረስ አራት ዓመት ትጓዛለች ብለው ያምኑ ነበር። አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያልን ተዝካር ለምንቆጥር ለእኛ ነገሩ ብዙም እንግዳ አይደለም።

ማኒ ራሱ የምድር ዕዳውን እየሠራ የሚከፍል ምስኪን ሠራተኛ ነው። ጥሩ ጥሩው ደንበኛ የሚደርሰው ለባልደረባው ለዶሚኖ ነው። አንድ ቀን ከዶሚኖ ደንበኛ ይነጥቃል፤ ሜቼ የምትባል፣ ቅድስት የምታህል ሴት። ኮምፒውተሩ ግን ምንም አይገባትም ይላል፤ በእግሯ መንገድ ትጀምራለች። ለካ የባቡር ትኬቷን፣ እንደ ሌሎች ብዙ ደጋግ ሙታን ትኬት፣ ሰርቀውባታል። ሙስና እዚያም አለ!

እስካሁን ያወራነው ጥሩ የፊልም ሐሳብ ነው፤ ጌሙም የድሮ የወንጀል ፊልሞችንና «ካዛብላንካ»ን አይቶ ማደጉን አይደብቅም። ለእኛ ውዳሴው የሚገባው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ጊዜ ላይ። ጌሙ አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ በተከታታይ አራት ዓመታት የሚውል አንድ «የሙታን ቀን» ነው። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ማኒ ሩባካቫ የምትባል የወደብ ከተማ ይደርሳል። ሜቼ ገና አልደረሰችም። እስክትመጣ ብሎ አንዲት ጎስቋላ ምግብ ቤት ውስጥ ወለል መጥረግ ይጀምራል። ከዚያ ዓመቱ ይዘለላል። ያቺ ቤት የምሽት ክበብ ሆናለች፤ ባለቤቷ ማኒ ነው፣ ነጭ ሱፍ ለብሶ። ሾፌሩ የነበረው ግሎቲስ የሚባል ግዙፍ ጋኔን ፒያኖ ይመታል፣ በድመት እሽቅድምድም ይቆምራል። ሜቼ አልመጣችም።

በመካከሉ ምን እንደሆነ ማንም ቁጭ አድርጎ አይተርክልንም። ከከተማው ሰው አነጋገር፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ለማን ዕዳ እንዳለበት እየሰማን እናጠራቅመዋለን። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ማኒ ክበቡንም ስሙንም ጥሎ መርከብ ላይ ይሳፈራል። ዓመቱ ሲዘለል የመርከቡ ካፒቴን ሆኗል። ያንንም ይጥለዋል። ከዜሮ ጀምሮ ሰው መሆን፣ ከዚያ ጥሎ መነሳት፣ እንደገና ከዜሮ… ይህን ለስደተኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በብዙዎቹ የዘመኑ ጌሞች ጊዜ ማለት ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ነበር፤ እዚህ ግን ሰው ያስረጃል፣ ያበለጽጋል፣ ተስፋም ያስቆርጣል።

መልኩም ቢሆን ብልኀት አለበት። የ1998 ኮምፒውተር የሰው ፊት አሳምሮ መሣል አይችልም ነበር፤ በዚያን ሰሞን የወጡ ጌሞችን ገጸ ባሕርያት ዛሬ ማየት ያሳዝናል። እነ ሼፈር ሜክሲኮዎች ለበዓሉ የሚሠሯቸውን የአጽም አሻንጉሊቶች ወሰዱ፤ ሁለት ጥቁር ዓይን፣ አንድ ረድፍ ጥርስ፣ አለቀ። ስለዚህ አላረጁም። ማኒን በድምፅ የተጫወተው በኩባ የተወለደው ቶኒ ፕላና ነው፤ ጃዝን ከሜክሲኮ ዜማ ያዋሐደው ደግሞ ፒተር ማኮኔል። በዚያ አገር ሙት ሲገደል ደም የለም፤ አጥንቱ ላይ አበባ ይበቅልበታል። አንድ ጊዜ ያየው አይረሳውም።

አሁን ወደ ወቀሳው። እንቆቅልሾቹ! ማኒ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ በአየር ግፊት የሚያመላልስ ቱቦ አለ። ሁለት ፊኛ በሁለት የተለያየ ኬሚካል ሞልታችሁ ቱቦው ውስጥ መክተት አለባችሁ፤ ሲቀላቀሉ አረፋ ሆነው እንዲደፍኑት። ከገባችሁ በኋላ ያስቃል፣ ሥርዓትም አለው። ሩባካቫ ውስጥ ፎርክሊፍት ሊፍት ውስጥ አስገብታችሁ ሊፍቱን መንገድ ላይ የምታስቆሙበት ግን አያስቅም። ከመካከላችን ያለ እርዳታ የፈታው የለም፤ ፈታሁ የሚልም ቢመጣ አናምነውም።

አነዳዱም ሌላ ጣጣ ነው። ጌሙ ሲወጣ ማውዝ አይቀበልም፤ ማኒን በኪቦርድ እንደ ታንክ እያዞራችሁ ነው የምትነዱት። ሐሳቡ ቆንጆ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ምልክትም ጽሑፍም እንዳይኖር፣ ትኩረት የሚሻ ነገር ሲኖር ማኒ አንገቱን ዞር አድርጎ እንዲያየው። በተግባር ግን ግድግዳ እየገጨን፣ ከኮቱ ኪስ አንድ አንድ ዕቃ እያወጣን እየመለስን፣ ሰዓቱ ይነጉዳል። አራተኛው ዓመት ደግሞ ችኮላ ይታይበታል። ስለዚህ «ምርጡ አድቬንቸር ጌም» ሲሉት አንስማማም፤ በእንቆቅልሽ አሠራር ሼፈር ራሱ አብሮ የመራው የ1993ቱ «ዴይ ኦፍ ዘ ቴንታክል» ይበልጠዋል።

ዘመኑን ይዞ ሞተ የሚባለውስ? ይህ ተረት ነው። ሉካስአርትስ በዚያው ቴክኖሎጂ በ2000 ሌላ መንኪ አይላንድ አወጣ። በ1993 የወጣው «ሚስት» ከስድስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ ዘውዱንም በ2002 የወሰደበት «ዘ ሲምስ» ነው። ተመልካች ጠፍቶ አልነበረም። የሆነው ሌላ ነው፤ ታሪክ ቤት ቀየረ። በኖቬምበር 1998 የወጣው «ሃፍ ላይፍ» ተጫዋቹን ከሩጫው ሳያስቆም ታሪክ መንገር ቻለ። አድቬንቸር ጌሞቹስ? በ1999 «ጋብርኤል ናይት 3» ጢም የሌለውን ሰውዬ መስለን እንድንቀርብ ከድመት ፀጉር የውሸት ጢም አሠራን። እንዲህ ላለው አሟሟት ገዳይ መፈለግ ምን ይሠራል?

ሉካስአርትስ የ«ሳም ኤንድ ማክስ»ን ተከታይ በማርች 2004 ሰረዘ፤ ከዚያ የወጡ ሰዎች በዚያው ዓመት ቴልቴልን መሠረቱና በ2012 በ«ዘ ዎኪንግ ዴድ» ዓለምን አስለቀሱ። ሼፈርም በዚያው በ2012 ለአዲስ አድቬንቸር ጌም ከሕዝብ 400,000 ዶላር ጠይቆ ከ3.3 ሚሊዮን በላይ ተዋጣለት። የተቀበረ ዘውግ ይህን አያገኝም።

ዝናውን ያገዘፈው አንድ ነገር ይቀራል፤ ጌሙን ማግኘት አለመቻል። የድሮው ሲዲ በአዳዲስ ኮምፒውተሮች አልሠራ እያለ ያስቸግር ነበር፤ ኢንተርኔት ሱቆች ላይ እስከ 2015 አልተሸጠም። ሰው የማያገኘውን ነገር እንዴት እንደሚያወድስ የታወቀ ነው። ዲስኒ ሉካስፊልምን በ2012 ገዝቶ በቀጣዩ ዓመት የሉካስአርትስን ጌም ሥራ ከዘጋ በኋላ፣ የሼፈር ድርጅት ደብል ፋይን በጃንዋሪ 2015 ጌሙን አድሶ አወጣው፤ ማውዝም ተፈቀደለት። የምትሞክሩት ከሆነ ያንን ያዙ፣ መፍቻውንም ያለ ሐፍረት አጠገባችሁ ክፈቱ። ሩባካቫ ስትደርሱ ግን ለጥቂት ሰዓት ዝጉት። እዚያ ከተማ ውስጥ ዝም ብሎ ሰው ማናገር ብቻውን ይበቃል።