ከወረታ ወደ የጁ

ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር ይገባል፤ ሌላው በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልድያ፣ የጁ ይደርሳል። በመጀመሪያው በኩል፣ ወደ ይፋግ ገበያ ጠጋ ብላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ የነበረችው ደሪጣ አለች። ሁለተኛው የሚያደርሰው ዳና ወዳለበት አገር ነው፤ ደረሳ ከሩቅ የሚጎርፍበት የትምህርት ቦታ።

የድሮ ደረሳ ሉሁን ይዞ ቁርአን ይቀራል፤ ከዚያ ፊቅህ፣ ነህው፣ መጨረሻ ላይ ተፍሲር። ቃሉን የሚተረጉም ሰው መጀመሪያ ሕጉንና ሰዋስውን ይወቅ ነው ነገሩ። ደረሳው የቱ ጋ እንደሚቸኩል ሼኹ ያውቃሉ፤ እሳቸው እሺ ካላሉ ወደሚቀጥለው ኪታብ አያልፍም። ዛሬ «መካከለኛነት» እያልን በየስብሰባው የምንፈልገው ነገር፣ እንደኔ፣ እዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ነበር።

ሼኾቹ ሁሉ ጭምት ነበሩ ማለቴ አይደለም። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ ሲያዙ፣ የወሎው ሼኽ ጦልሐ ጃዕፈር አመፁ። ከአመፁ በላይ የቆየው ግን መንዙማቸው ነው፦ ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ሰምቶ የሚይዘው ትምህርት።

በ2003 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ሌላ ነገር ከላይ መጣ። አክራሪነትን ለመከላከል ተብሎ፣ ከሊባኖስ በመጡ የአሕባሽ መምህራን በመንግሥት ድጋፍ ሥልጠና ተሰጠ። የአወሊያ መምህራን ሲባረሩ በ2004 ተቃውሞው ገነፈለ። መጅሊሱን እኛው እንምረጥ፣ አሕባሽ በግድ አይጫንብን ነበር ጥያቄው። መልእክቱ የሚተላለፈው «ድምፃችን ይሰማ» በተባለ የፌስቡክ ገጽ ነበር። አስተባባሪዎቹ ሐምሌ 2004 ታሰሩ፤ በ2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው።

የግድ ጥምቀትንና ሥልጠናን እኩል ማድረጌ አይደለም። ግን ሁለቴም መንግሥት «ትክክለኛው ይሄ ነው» ሲል፣ ሰዉ እጁ ላይ ባለው ነገር መለሰ፤ አንዴ በመንዙማ፣ አንዴ በፌስቡክ።

አሁን የሚመርጥልን ስልኩ ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ይሄን አውቃለሁ፦ የቪዲዮ መተግበሪያ የሚቆጥረው ስንት ሰከንድ እንዳያችሁ ነው፤ ነህው ቻላችሁ አልቻላችሁ ግድ የለውም። ፎገራ ላይ የሩዝ ማሳ ዳር ተቀምጦ ስልኩን የከፈተ ልጅ፣ «መውሊድ ቢድዓ ነው» የሚል የ1 ደቂቃ ፍርድ ይደርሰዋል፤ ወዲያው ተቃራኒው። ሁለቱም ተናጋሪዎች የተማሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጁን ግን አያውቁትም።

ቴሌግራም ላይ ይሻላል፤ አንድን ኪታብ ከመጀመሪያው ጀምረው በድምፅ የሚያስቀሩ ኡስታዞች አሉ፤ ክፍል 1፣ ክፍል 2 እያሉ። አድማጩ ከክፍል 2 ወደ ክፍል 40 ቢዘል ግን «ተመለስ» የሚለው የለም።