ዘለበት የማያሻው ማኅደር

ከአዲስ ዓለም እስከ አምቦ፣ ከአምቦም አልፎ እስከ ጌዶ ድረስ፣ ዳዊት የሚያርፍበት ማኅደርና የመንገደኛ ስንቅ የሚያዝበት አገልግል በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ በተለመደው አሠራር ብረት አይገባባቸውም። ብዙ ሰው ምክንያቱ የብረት እጦት ይመስለዋል። እኔ ግን የባለሙያው ምርጫ ነው እላለሁ። ምዕራብ ሸዋ የፈረስና የእርሻ አገር ነው፤ ልጓሙ፣ እርካቡ፣ ማረሻውና ማጭዱ ከቀጥቃጭ እጅ የወጡ ናቸው። ቆዳና ብረት በኮርቻ ላይ አብረው ውለዋል። ስለዚህ ብረቱ ከማኅደሩ የቀረው ባለመኖሩ ሳይሆን ባለማስፈለጉ ነው።

ለምን እንዳላስፈለገ አሠራሩ ይናገራል። ጥሬው ቆዳ ርሶ ሲለሰልስ በመጽሐፉ ልክ ይቆረጥና ጠርዙ በወስፌ እየተበሳ በጠፍር ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ስፌቱን ያጠብቀዋል። ክዳኑ ከላይ የሚጠልቅ ቆብ ነው። ማንገቻው በክዳኑ ግራና ቀኝ በተሰፉ የቆዳ ማለፊያዎች ውስጥ ሾልኮ ከታችኛው አካል ጋር ይያያዛል። ክዳኑ ሲከፈት በማንገቻው ላይ ወደ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይወድቅም፣ አይጠፋምም። ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል የመጽሐፉ ክብደት ማንገቻውን ስለሚወጥረው ክዳኑ ተጨምቆ ይያዛል። የዘለበትን ሥራ ሸክሙ ራሱ ይሠራዋል ማለት ነው፤ ይህን ያሰበ ሰው ብልሃተኛ ነበር። በአገልግሉም ቢሆን በአክርማ የተሰፋው ዕቃ ቆዳ ይለብሳል፣ ክዳኑም በጠፍር ይታሰራል።

ብረት ውድ ስለነበረ ነው የሚል ሙግት ይነሣ ይሆናል። ውድነቱ እውነት ነው፤ ከሰሉም የቀጥቃጩም ድካም ዋጋ ነበረው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ለመስቀል፣ ለጽናና ለጸናጽል ብርና ናስ አልሰሰተችም፤ አፄ ምኒልክ ለቤተ መንግሥት አስጀምረው ለማርያም በሰጡት በአዲስ ዓለም ደብርም እንዲሁ ነው። ምክንያቱ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የባለጸጋው ማኅደር ዘለበት በያዘ ነበር። በሌላ በኩል ጥሬ ቆዳ በክረምት ዝናብ ሲርስ ቅርጹን ይለቃል፤ ይህ ጉድለቱ አይካድም። ብረት ግን እርጥበቱን አያድንም፤ ራሱ ዝጎ ቆዳውን ያበላሻል፣ የመጽሐፉንም ልባስ ይፍቃል። የተበጠሰ ጠፍር ቤት ውስጥ ይተካል፤ የተሰበረ ዘለበት ቀጥቃጭ ያስፈልገዋል።

የእጦት ትርጓሜ የጸናው ሠሪው ስለተናቀ ይመስለኛል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ መከልከላቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበረ ያሳያል። በብዙ ብራናዎች መጨረሻ የጸሐፊው ወይም የአስጻፊው ስም ይገኛል፤ ማኅደሩን የሰፋው ሰው ስም ግን እምብዛም አይገኝም። ስሙ ያልተጻፈ ባለሙያ ደግሞ አስቦ መሥራቱን ለማመን ሰው ይቸገራል።