ለተፈጥሮ ሀብት፣ ለኢነርጂና ለአካባቢ ጥበቃ የሚውል የመንግሥት በጀት፦ የሕግ መሠረቱና የገንዘቡ መንገድ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየዓመቱ የሚያጸድቀው የፌዴራል መንግሥት የበጀት አዋጅ ከሐምሌ 1 ጀምሮ እስከ ተከታዩ ዓመት ሰኔ 30 ድረስ መንግሥት ለየትኛው ተግባር ምን ያህል ገንዘብ ማውጣት እንደሚችል የሚወስን ሕግ ነው። ምንጭ እንዲጎለብትላቸው፣ የኤሌክትሪክ መስመር እንዲዘረጋላቸው ወይም በቁፋሮ የተጎዳ መሬት መልሶ እንዲያገግም ጥያቄ ይዘው ወደ መንግሥት ተቋማት የሚመጡ ዜጎች በአብዛኛው የሚያነሱት «በጀት ተይዞለታል ወይ?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ ሁልጊዜ በበጀት አዋጁ ውስጥ አይገኝም። በዘርፉ የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ ከፊሉ በዓመታዊው አዋጅ፣ ከፊሉ በልዩ ሕግ በተቋቋሙ ፈንዶች፣ ከፊሉም በመንግሥት የልማት ድርጅቶች በኩል ያልፋል። ባለጉዳዩ አቤቱታውን ለማን ማቅረብ እንዳለበት የሚወስነውም ይኸው የገንዘቡ መንገድ ነው።

የሕገ መንግሥቱ ድንጋጌዎች

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። በጀትን በተመለከተ አንቀጽ 77 የማዘጋጀቱን ሥልጣን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ አንቀጽ 55 የማጽደቁን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥተዋል። አንቀጽ 94 ደግሞ የፌዴራል መንግሥትና ክልሎች በሕግ የተሰጧቸውን ተግባራት ለማከናወን የሚያስፈልገውን ወጪ በየበኩላቸው እንዲሸፍኑ ያዛል።

ከተፈጥሮ ሀብት የሚገኘው ገቢም በዚሁ ሕግ ተከፋፍሏል። ከከፍተኛ የማዕድን ሥራና ከማናቸውም የነዳጅና የጋዝ ሥራዎች የሚገኝ የገቢ ግብርና የሮያሊቲ ክፍያ በአንቀጽ 98 መሠረት የፌዴራልና የክልሎች የጋራ ገቢ ሲሆን፣ ክፍፍሉን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከዚህ ውጭ ያለው የማዕድን ሥራ ግብርና ሮያሊቲ እንዲሁም ከደን የሚገኘው የሮያሊቲ ክፍያ የክልሎች ነው። ስለዚህ በአካባቢው የሚወጣው ድንጋይ፣ አሸዋ ወይም በባህላዊ መንገድ የሚመረት ወርቅ ያስገኘው ገቢ የት እንደ ዋለ ማወቅ የሚሻ ነዋሪ ጥያቄውን ማቅረብ ያለበት ለክልሉ የማዕድንና የፋይናንስ መሥሪያ ቤቶች እንጂ ለፌዴራል ተቋማት አይደለም።

በዓመታዊው አዋጅ የሚመደበው ገንዘብ

የበጀት አዋጁ ወጪን በመደበኛ፣ በካፒታል፣ ለክልሎች በሚሰጥ ድጋፍና ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ከፍሎ ያቀርባል። የ2017 በጀት ዓመት 971.2 ቢሊዮን ብር ሲጸድቅ 451.3 ቢሊዮኑ ለመደበኛ፣ 283.2 ቢሊዮኑ ለካፒታል፣ 222.7 ቢሊዮኑ ለክልሎች ድጋፍ፣ 14 ቢሊዮኑ ለዘላቂ ልማት ግቦች ነበር። በዚያው ዓመት 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት በሌላ አዋጅ የጸደቀ በመሆኑ፣ የአንድን ዓመት በጀት የሚመረምር ሰው የመጀመሪያውን አዋጅ ብቻ አይቶ ድምዳሜ ላይ መድረስ አይኖርበትም።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የክልሎች ድጋፍ ነው። ገንዘቡ ለክልሉ በጥቅል የሚሰጥ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ለውሃ፣ ለአፈር ጥበቃ ወይም ለደን ምን ያህል እንደሚውል የሚወስኑት የክልሉና የወረዳው ምክር ቤቶች ናቸው። የአንድ ቀበሌ ምንጭ ማጎልበቻ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ተፈልጎ ቢታጣ ፕሮጀክቱ ተሰርዟል ማለት አይደለም፤ ምናልባት በወረዳው በጀት ውስጥ ይገኛል። በአንጻሩ በስብሰባ ላይ ቃል የተገባለት ወይም የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠለት ሥራ በየትኛውም እርከን ባለ ምክር ቤት በጀት ካልጸደቀለት፣ ሥራው ይፋ ተደርጓል እንጂ ገንዘብ አልተመደበለትም።

በየዓመቱ በበጋ ወራት አርሶ አደሩ በተፋሰስ ልማት የሚያከናውነው የእርከንና የክትር ሥራ በአብዛኛው በነጻ የሕዝብ ጉልበት የሚፈጸም በመሆኑ በየትኛውም የበጀት ሰነድ በብር ተሰልቶ አይታይም። ለተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አገሪቱ የምታወጣው ወጪ በበጀት አዋጁ ብቻ ሲለካ ከእውነቱ አንሶ የሚታየው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

የአካባቢ ጥበቃ ወጪም የራሱ ጠባይ አለው። ካፒታል በጀት ልማት፣ መደበኛ በጀት ግን የቢሮ ወጪ ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ ፋብሪካ ወደ ወንዝ የሚለቀውን ፍሳሽ ናሙና የሚወስደው ተቆጣጣሪ ደመወዝ፣ የመኪናው ነዳጅና የቤተ ሙከራው ግብዓት የሚሸፈኑት በመደበኛ በጀት ነው። የተቆጣጣሪው አካል መደበኛ በጀት ሲጠብ ሕጉ ሳይሻር አፈጻጸሙ ይዳከማል።

ከዓመታዊው አዋጅ ጎን ያሉ ፈንዶች

በ2017 ዓ.ም. ለአረንጓዴ አሻራና ለተራቆተ መሬት ማገገሚያ የሚውል ልዩ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሟል። ሕጉ ከፌዴራል መንግሥት ዓመታዊ በጀት እስከ 1 በመቶ ለፈንዱ እንዲመደብ ይፈቅዳል። በ2017 መነሻ በጀት ቢሰላ ጣሪያው 9.7 ቢሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። የፈንዱ ፋይዳ በመጠኑ ብቻ አይወሰንም። ችግኝ ተከላ በአንድ ክረምት ቢጠናቀቅም እንክብካቤው ዓመታትን ይጠይቃል፤ በየሰኔው እንደ አዲስ በሚጠየቅ በጀት ብቻ የሚተዳደር ችግኝ በሁለተኛው ዓመት ጠባቂና ውሃ አጥቶ ሊደርቅ ይችላል።

በአዋጅ ቁጥር 268/1994 የተቋቋመው የውሃ ልማት ፈንድ ደግሞ ለከተሞች የመጠጥ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ብድር ያቀርባል። ብድሩ ተመላሽ በመሆኑ በመጨረሻ ከውሃ ታሪፍ የሚከፈል ነው።

በማዕድን ዘርፍ የአዋጅ ቁጥር 678/2002 ድንጋጌዎች ከባህላዊ አምራቾችና ከጥቂት ሌሎች ባለፈቃዶች በስተቀር ባለፈቃዱ የሥራው ተጽዕኖ ያረፈበትን አካባቢ ለማገገም የሚያስፈልገውን ገንዘብ ራሱ እንዲመድብ ያስገድዳሉ። ይህ የመንግሥት በጀት አይደለም። የተቆፈረ መሬት ሳይደፈን የቀረበት ነዋሪ «በጀት የለም» የሚል መልስ ቢሰጠው ሊቀበለው አይገባም፤ ሊጠየቅ የሚገባው ፈቃዱን የሰጠው አካል ባለፈቃዱ ግዴታውን እንዲወጣ ምን እንዳደረገ ነው።

ኢነርጂና የመሬት ካሳ

ኤሌክትሪክ የማመንጨቱና የማስተላለፉ ሥራ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ የማከፋፈሉና የመሸጡ ሥራ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሁለቱም የመንግሥት የልማት ድርጅቶች በመሆናቸው ኢንቨስትመንታቸው በዋናነት ከታሪፍ ገቢ፣ ከብድርና ከቦንድ ሽያጭ ይሸፈናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሕዝቡ ቦንድ በመግዛት ጭምር የገነባው ነው። የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር በጀት ውስጥ የአካባቢውን ትራንስፎርመር የሚፈልግ ተገልጋይ የማያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ግድብ፣ የማስተላለፊያ መስመር ወይም የማዕድን ሥራ የዜጎችን ይዞታ ሲነካ የካሳ ጥያቄ ይነሳል። ሕገ መንግሥቱ የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተደነገገ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1336/2016 የተደረገው ማሻሻያ ለፌዴራል ፕሮጀክቶች ጭምር ካሳ የመክፈልና ተነሺዎችን መልሶ የማቋቋም ኃላፊነትን ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አዛውሯል። በመሆኑም ተነሺው የካሳውን በጀት መጠየቅ ያለበት መስመሩን የሚዘረጋውን ድርጅት ሳይሆን ይዞታው የሚገኝበትን አስተዳደር ነው። በግምቱ ወይም በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው በቅድሚያ ለአቤቱታ ሰሚ አካል፣ ቀጥሎ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻው በሕግ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መቅረብ ስላለበት መዘግየት መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

መረጃና አቤቱታ ስለማቅረብ

የአዋጅ ቁጥር 590/2000 የመረጃ ነጻነት ድንጋጌዎች ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ያረጋግጣሉ። ተቋሙም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። በጥያቄው ላይ የበጀት ዓመቱ፣ የፕሮጀክቱ ስምና የሚገኝበት ወረዳ ቢገለጽ መልሱ ይፋጠናል። መረጃ የተከለከለ ሰው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናት ሪፖርቶች ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆኑና አስተያየት እንዲሰበሰብባቸው ያዛል። በብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ደግሞ ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል።