ከስንብት በኋላ የመጣ ዝና

በ1981 መኸር፣ በሰሜን እንግሊዟ የወደብ ከተማ ሀል፣ ዩኒቨርሲቲው አዳዲስ ተማሪዎቹን በሚቀበልበት ሰሞን፣ የትሬሲ ቶርን ስም በተማሪዎች ማኅበር ሕንፃ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ተጠራ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያስጠራት ቤን ዋት የሚባል፣ አይታው የማታውቅ ልጅ ነበር። ሁለቱም ቼሪ ሬድ ከተባለ አነስተኛ የለንደን ሙዚቃ አሳታሚ ጋር ይሠሩ ስለነበር በስም እንጂ በመልክ አይተዋወቁም። ከዚያ ወዲህ ኑሯቸውም ሙዚቃቸውም አንድ ሆነ።

ቶርን ባዶ እጇን አልነበረም ሀል የገባችው። ከጓደኞቿ ጋር «ማሪን ገርልስ» የተባለ ቡድን ነበራት። «ቢች ፓርቲ» የተሰኘውን ሥራቸውን የቀዱት ጓሮ ውስጥ ባለች የዕቃ ማስቀመጫ ቤት ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሸጠውም በካሴት ነው። ከበሮ መቺ እንኳ አልነበራቸውም። የኒርቫናው ኩርት ኮቤይን ከዓመታት በኋላ ይህንኑ ሥራ ከሚወዳቸው አልበሞች ተርታ አስፍሮታል። ዋት ደግሞ የጃዝ ባንድ መሪ የነበረው የቶሚ ዋት ልጅ ነው፤ ጃዝን ከቤቱ እየሰማ አደገ።

የጥምረታቸውን ስም ያገኙት ከአንድ የሀል የቤት ዕቃ መደብር ነው። ማስታወቂያው ለመኝታ ቤት የሚያስፈልገው ሁሉ እንደሚሸጥ፣ የማይሸጠው ልጅቷ ብቻ እንደሆነች ይናገር ነበር። «ኤቭሪቲንግ በት ዘ ገርል» የተባሉት በዚህ ነው። በ1982 የኮል ፖርተርን «ናይት ኤንድ ዴይ» በዝግታ፣ በጊታር ብቻ ሊባል በሚችል ቅንብር ተጫወቱት። ከፓንክ ጩኸት ማግስት እንዲህ ዝቅ ብሎ መዝፈን ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

የሰማንያዎቹን ዓመታት በደህና ተጓዙ። ጃዝና ቦሳ ኖቫ የተቀላቀለበት «ኤደን» በ1984 ወጣ፤ በ1988 «አይ ዶንት ዋንት ቱ ቶክ አባውት ኢት» የሚለውን የቆየ ዘፈን በድጋሚ ሠርተው በብሪታንያ ሰንጠረዥ 3ኛ ደረሱ። በ1990 ደግሞ በአሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ቶሚ ሊፑማ መሪነት «ዘ ላንጉዌጅ ኦቭ ላይፍ»ን ሠሩ፤ ታላቁ ስታን ጌትስ ሳይቀር ሳክስፎኑን ነፍቶበታል። ቅንብሩ እንከን የለሽ ነው፤ ለእኔ ግን የቶርን ድምፅ እዚያ ውስጥ መተንፈሻ ያጣል።

በ1992 ዋት በጠና ታመመ። የያዘው ቸርግ ስትራውስ ሲንድሮም ነው፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ ራሱን የደም ሥሮች የሚያጠቃበት፣ እምብዛም የማይታይ በሽታ። በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና አብዛኛው ትንሹ አንጀቱ ተቆርጦ ወጣ። ይህን ሁሉ በ1996 ባሳተመው «ፔሸንት» በተባለው መጽሐፉ ተርኮታል። ለሳምንታት ሞት ደጃፍ ላይ ቆይቶ ሲመለስ፣ ሙዚቃቸውም ትርፍ ነገር መሸከም አቆመ።

በ1994 የወጣው «አምፕሊፋይድ ሃርት» የዚያ ፍሬ ነው። ውስጡ «ሚሲንግ» የሚል ዘፈን አለ፤ አንዲት ሴት ድሮ የምታውቀው ሰው ይኖርበት ወደነበረው ሰፈር ተመልሳ፣ እንደሌለ እያወቀች በደጁ ታልፋለች። ሲወጣ በብሪታንያ ከ69ኛ ደረጃ አላለፈም። በኋላ የኒው ዮርኩ ዲጄ ቶድ ቴሪ ለጭፈራ ቤቶች ሪሚክስ አደረገው። ይህን ሪሚክስ ልብ ብሎ ላዳመጠ፣ ብልሃቱ ቴሪ ያልነካው ነገር ላይ ነው። ከሥር እኩል የሚረግጥ ከበሮና ወፍራም ቤዝ አስገባ፤ ድምፁን ግን አላጣደፈም። ከበሮው ወደፊት ይገሰግሳል፣ ሴትዮዋ ከደጁ አትነቃነቅም። ሰው እየጨፈረ የሚያዝንበት ዘፈን ሆነ።

የብሪታንያ አሳታሚ ኩባንያቸው የሪሚክሱ አቅም ሳይታየው አሰናበታቸው። ዘፈኑ ግን በብሪታንያ 3ኛ፣ በአሜሪካ 2ኛ ደረሰ፤ በአሜሪካው ሰንጠረዥ ላይም 55 ሳምንት ቆየ።

ቶርን በዚያው ሰሞን ማሲቭ አታክ ለተባለው ቡድን «ፕሮቴክሽን»ን ጽፋ ዘፍና ነበር። ከዋት ጋር በ1996 «ዎኪንግ ዉንድድ» የተሰኘውን አልበም ይዘው ሲመጡ የድራም ኤንድ ቤዝ ምት ከሥሩ ነበረበት፤ በብሪታንያ 4ኛ ወጣ። ፋሽን ተከትለው ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም፤ ከሥሩ ያለው ምት ተለወጠ እንጂ ቶርን ያው የጓሮዋ ቤት ዘፋኝ ናት። ከሥራዎቻቸው ሁሉ የማስበልጠውም እሱን ነው።

ዩቱ የተባለው የሮክ ባንድ የአሜሪካ ኮንሰርቶቹን እንዲከፍቱለት ሲጋብዛቸው ቶርን እምቢ አለች። በ1998 መንታ ሴቶች ወለዱ፤ በ1999 «ቴምፐራሜንታል»ን አውጥተው፣ በ2000 በሞንትሮ የጃዝ ፌስቲቫል ተጫውተው አቆሙ። አልተጣሉም፣ አልተለያዩም። እሱ ዲጄና አሳታሚ ሆነ፤ እሷ ልጆቿን አሳደገች፣ በኋላም የግሏን አልበሞችና መጻሕፍት ሠራች። ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ በጥምረታቸው ስም አንድም አዲስ አልበም አላወጡም።

የኮቪድ ወረርሽኝ ሲረግብ፣ በ2021፣ ለማንም ሳይናገሩ መቅዳት ጀመሩ። የድሮው ስም እንዳይከብዳቸው ፋይሎቹን ከሁለቱ ስም አጣምረው «ትሬን» አሏቸው። አልበሙ «ፊውዝ» በኤፕሪል 2023 ወጥቶ በብሪታንያ 3ኛ ሆነ፤ ከቀደሙት አልበሞቻቸው አንዱም እዚህ ደረጃ ደርሶ አያውቅም። የቶርን ድምፅ በዕድሜ ወፍሯል፤ ዋት ደግሞ በአንዳንዱ ዘፈን በኮምፒዩተር አጣሞ ሌላ ሰው አስመስሎታል፣ እሷም ፈቅዳለታለች።