በስውር ስለ ዘመቱ ሰዎች

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች)



ጋሻውን አንሥቶ በጦር ሜዳ የዘመተ ሰው ሥራው በሕዝብ ፊት ስለ ሆነ ምስክሩ ብዙ ነው። በስውር የዘመተ ሰው ግን ሥራው የሚሠምርለት ማንም ሳያውቅበት ሲቀር በመሆኑ፥ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ምስክር ያጣል። ዛሬ የምናወሳው ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ዘመቻ ነው። ነገሩን ለማስረዳት ከአንድ ስመ ጥር የሲኒማ ተጫዋች ታሪክ ተነሥተን ወደ ጎጀብ ወንዝና ወደ ገዛ አርበኞቻችን እንመጣለን። ዓ.ም. ያልተጻፈበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አንቶኒ ኩዌይል በ1913 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። ገና በወጣትነቱ በለንደን ኦልድ ቪክ በተባለው ቴአትር ቤት የሼክስፒርን ተውኔቶች ይጫወት ነበር። ከጦርነቱም በኋላ ከ1948 እስከ 1956 በሼክስፒር የትውልድ ከተማ በስትራትፎርድ የሚገኘውን ታላቅ ቴአትር ቤት መራ። ሰፊው ሕዝብ ያወቀው ግን በሲኒማ ነው። በ1958 «አይስ ኮልድ ኢን አሌክስ» በተባለው ፊልም፥ የደቡብ አፍሪካ መኮንን መስሎ ከእንግሊዞች ጋር በረሓ የሚያቋርጥ የጀርመን ሰላይ ሆኖ ተጫወተ። በ1961 «የናቫሮን መድፎች» በተባለው ፊልም ጠላት ወደ ያዘው ደሴት በስውር የሚገባ መኮንን ሆነ። በ1962 ደግሞ «የዐረቢያው ሎሬንስ» በተባለው ፊልም ኮሎኔል ብራይተን የተባለውን የእንግሊዝ መኮንን ተጫወተ። በ1985 የ«ሰር»ነት ማዕርግ ተሰጠው፤ በ1989 ዐረፈ። በሲኒማ አዳራሽ ተቀምጦ ካደነቀው ተመልካች አብዛኛው ያላወቀው፥ ይህ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ አስቀድሞ በእውነት የሠራው መሆኑን ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ኩዌይል ቴአትሩን ትቶ ወታደር ሆነ። በጂብራልታር የአገረ ገዥው የቅርብ ረዳት መኮንን ሆኖ ካገለገለ በኋላ፥ በ1940 በምስጢር ወደ ተቋቋመው የእንግሊዝ የልዩ ዘመቻ ድርጅት ገባ። የዚህ ድርጅት ተግባር ጠላት ወደ ያዘው አገር ሰው በስውር ማስገባት፥ በዚያ ያሉትን አርበኞች በመሣሪያና በገንዘብ መርዳት፥ ድልድይና መንገድ ማፍረስ፥ ወሬም መሰብሰብ ነበር። ኩዌይልም በ1943 መጨረሻ ላይ በባሕር ተሻግሮ ወደ አልባንያ ተላከ።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊው አድማጭ ነገሩ ከራሱ ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑን ልብ ሊል ይገባዋል። አልባንያ አገራችንን የወረረው የፋሺስት መንግሥት በመጋቢት 29 ቀን 1931 ዓ.ም. የወረራት አገር ናት። የኢጣልያው ንጉሥ ቪክቶር ኤማኑኤልም ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥትና የአልባንያ ንጉሥ እየተባለ ይጠራ ነበር። ኢጣልያ በጳጉሜን 3 ቀን 1935 ዓ.ም. ተኩስ ማቆሟ በታወጀ ጊዜ ጀርመኖች አልባንያን ያዙ፤ በዚያ የነበረውም የኢጣልያ ጦር ተበተነ። ስለዚህ ኩዌይል በደረሰበት ወራት፥ ትናንት ገዥ ነን ይሉ የነበሩ ወታደሮች በብርድ እየተንቀጠቀጡ በአልባንያ ገበሬ ደጅ የዕለት ምግብ ይለምኑ ነበር።

ኩዌይል የተቀመጠው በባሕር ዳር በሚገኝ ዋሻ ነበር። ግዳጁ አልባንያውያንን አስማምቶ በጀርመኖች ላይ ማስነሣት ሲሆን፥ እነርሱ ግን ኮሚኒስትና ፀረ ኮሚኒስት በመሆን ተከፍለው እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። ብርዱና በሽታው በረታበት፤ በ1944 ከዚያ ወጣ። በ1945 «ከእንግሊዝ አገር የስምንት ሰዓት መንገድ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ልብ ወለድ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሜጀር ኦቨርተን ተአምር አይሠራም፤ ይደክማል፥ ይጠራጠራል፥ ያሰበውም አይሞላለትም። በሥራው የተገኘ ሰው ራሱን ጀግና አድርጎ አለማቅረቡ ቃሉን እንድናምነው ያደርገናል።

በዚያው በአድሪያቲክ ባሕር ላይ ሌላም የሲኒማ ሰው ነበረ። አሜሪካዊው ስተርሊንግ ሄይደን በሆሊውድ ከታወቀ በኋላ ጆን ሃሚልተን የሚል ስም ይዞ በአገሩ የምስጢር አገልግሎት ውስጥ ገባ፤ ከኢጣልያ ጠረፍ እየተነሣም ለዩጎዝላቪያ አርበኞች መሣሪያ ያሻግር ነበር። ስሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ በየአደባባዩ የሚለጠፍለት ሰው፥ ለግዳጁ ሲል ስሙን እስከ መለወጥ ደረሰ።

ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ዘመቻ በአልባንያ አልተጀመረም። ከመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶቹ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ወደ ሱዳን ሲመጡ «ሚስተር ስትሮንግ» በሚል የምስጢር ስም ተጉዘዋል። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ኮሎኔል ሳንድፎርድ «ሚስዮን 101» የተባለውን ጓድ እየመራ በስውር ወደ ጎጃም ገባ፤ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማ አብረውት ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያም ሲፎካከሩ የቆዩት ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በአንድነት በጠላት ላይ ለመሥራት ተስማሙ። ኩዌይል በአልባንያ ፈልጎ ያላገኘው ስምምነት በጎጃም አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ይህም ብቻ አይደለም፤ በ1943 የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ጓድ እየመራ ወደ አልባንያ የገባው ኒል ማክሊን፥ ከሁለት ዓመት በፊት በጎንደር አካባቢ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች የሆኑ ተዋጊዎችን ይመራ የነበረ መኮንን ነው። የማክሊን ስም በመጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። በጎንደር ተራራ ላይ መንገዱን ያሳዩት፥ ጥይቱን የተሸከሙለት ሰዎች ስማቸው የት ነው?

ጥያቄው ወደ ጎጀብ ያደርሰናል። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄድ መንገደኛ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ከፋ ይገባል። ሚስዮን 101 ጎጃም ከመግባቱ አራት ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ በዚህ ወንዝ ዳር አንድ ትልቅ ነገር ተፈጸመ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ በምዕራብ ኢትዮጵያ ትግሉን የመሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና ሌሎችም የተማሩ ሰዎች «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቁመው፥ የእንስሳት ሐኪሙን ዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነን ሊቀ መንበር አድርገው ከራስ እምሩ ጋር ተሰለፉ። ጠላት ከየአቅጣጫው እየከበባቸው ወደ ደቡብ ካፈገፈጉ በኋላ፥ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተይዘው እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። ራስ እምሩ ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ያሳሰራቸው ሙሶሊኒም ከሥልጣኑ ተሽሮ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ወደዚያችው ደሴት እስረኛ ሆኖ ተወሰደ።

ከጎጀብ በኋላ ሁለት ወር ብቻ ቆይቶ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። በዚያ ምክንያት በተደረገው ፍጅት እጃቸውን ከሰጡት የጥቁር አንበሳ አባሎች ብዙዎቹ ተረሸኑ፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆችም ከነዚሁ መካከል ነበሩ። እጅ የሰጠ ሰው እንደማይተርፍ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። በየዱሩ ካለው አርበኛ ጋር የሚሠራው የውስጥ አርበኛ ሥራ እጅግ የተፈለገው በዚህ ጊዜ ነው።

የውስጥ አርበኛ ማለት በጠላት ከተማ ተቀምጦ፥ እንዲያውም በጠላት ቢሮ አስተርጓሚና ጸሓፊ ሆኖ፥ ወሬውን፥ ጥይቱንና መድኃኒቱን ወደ ዱር የሚልክ ሰው ነው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ እንዲህ ሲሠሩ ተይዘው ብዙ ሥቃይ ተቀብለዋል። የእነዚህ ሰዎች ችግር ከሞት የበለጠ ነበር። ኩዌይል በፊልም ሰላይ መስሎ ሲጫወት ተመልካቹ ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። የውስጥ አርበኛው ግን ቀን ቀን ባንዳ መስሎ መታየት ነበረበት፤ ይህንንም የሚያየው የገዛ ጎረቤቱ ነው። ቦምቡን ከሞገስ አስገዶም ጋር የጣለው አብርሃ ደቦጭ በኢጣልያኖች የፖለቲካ ቢሮ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የካቲት 12 ባይመጣ ኖሮ፥ ወይም አንድ ቀን አስቀድሞ በበሽታ ቢሞት ኖሮ፥ ዛሬ አብርሃን በምን ስም እንጠራው ነበር?

አድማጮች ሆይ፤ የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዙ ስውር ዘማች በለንደን ፋይል ነበረው፥ ደመወዝ ነበረው፥ የላከው አለቃ ነበረው። የድርጅቱ ብዙ ወረቀት በ1946 በተነሣ ቃጠሎ ቢጠፋም፥ የተረፈው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለተመራማሪዎች ተከፍቷል። የኛ የውስጥ አርበኛ ግን ፋይሉ መልእክቱን የተቀበለው ሰው ልብ ብቻ ነበር። ተቀባዩ በጦር ሜዳ ከሞተ የላኪው ክብር አብሮት ተቀበረ፤ አንዳንዱም የአገር ባለውለታ ሆኖ ሳለ የባንዳ ስም ተለጥፎበት ቀርቷል። በአንጻሩ ምንም ያልሠራ ሰው፥ ምስክር የማይጠየቅበት ዘመን ስለ ሆነለት፥ የውስጥ አርበኛ ነበርሁ ለማለት ይመቸው ነበር። መዝገብ የሌለበት አገር እውነተኛውንና አስመሳዩን ለመለየት ይቸገራል።

ዝምታውን የሰበሩም ነበሩ። የጥቁር አንበሳ አባል የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በጠላት ተይዘው በአዚናራ ደሴት ታስረዋል። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ ተውኔቶች ጽፈዋል፤ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ድርሰታቸውን አሳትመዋል። ኩዌይል ከተውኔት ወደ ጦርነት፥ ከጦርነት ወደ ብዕር ሄደ፤ ወይዘሮ ስንዱም ከጦርነትና ከእስር ወደ ብዕርና ወደ ተውኔት ሄዱ። የሁለቱም ታሪክ ሊደርሰን የቻለው ስለ ጻፉ ነው።

በስውር ከዘመቱት ሰዎች ዛሬ በሕይወት የሚገኝ ቢኖር እጅግ ጥቂት ነው። ወረቀታቸው ግን ገና ከልጅ ልጆቻቸው ቤት ከሣጥን ሥር ይገኛል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ደብዳቤ፥ የይለፍ ወረቀት፥ የእስር ቤት ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል። በየመሥሪያ ቤቱ ቀንና ቍጥር እየሰጣችሁ ወረቀት የምታስቀምጡ የመንግሥት ሠራተኞች የአንድ መስመር ጽሕፈት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት በቤታችሁ ቢገኝ ባለቤቱ ማን እንደ ነበረ፥ ከማን እንደ ተላከ፥ መቼ እንደ ሆነ በጀርባው ጽፋችሁ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ብትወስዱት፥ ከቤተሰብ ትዝታ ወደ አገር ታሪክ ይሻገራል። በጦርነቱ ጊዜ ዝም ማለታቸው ለአገራቸው የከፈሉት መሥዋዕት ነበር፤ ከእንግዲህ ዝም ማለት ግን የእኛ ጥፋት ይሆናል።